ጋሼ የሞሏቸው አርባ ጥይቶች

ባሌ ስድስት ወር ሙሉ ፊቱን እያዞረ ሲተኩስ እንደነበር በነገረኝ ቀን እጄ ላይ የብረት መጋዝ ነበር። ደግነቱ መጋዙ ሥራ ይዟል፤ ቀለህ እየቆረጥኩ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አለበለዚያ ንዴቴ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም።

ቀለህ የጥይት ልብስ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ነሐሱ ቀለህ ግን መሬት ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል። እኛ ቤት አይጣልም። ይታጠባል፣ ቅርጹ ይስተካከላል፣ ከቂጡ አዲስ እሳት ጫሪ ይገባለታል፣ ባሩድና እርሳስ ይጨመርበትና ተመልሶ ጥይት ይሆናል። የባሌ ጓደኞች «ሪሎድ ማድረግ» ይሉታል። ጋሼ «መሙላት» ነው የሚሉት፤ እኔም ከእሳቸው ወስጄ መሙላት እላለሁ።

ጋሼ የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሃያ ዓመት ይበልጡታል። አባታቸው ሲሞት ባሌ ገና ጡት አልጣለም ነበር አሉ። ያሳደጉት እሳቸው፣ ትምህርት ቤት ያስገቡት እሳቸው፣ የዲቪውን ፎርም እንኳ ተቀምጠው የሞሉለት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። አትላንታ ከመጡ በኋላ የነበራቸው ደስታ ቅዳሜ ጠዋት ኬኔሶ አካባቢ ወዳለ ሬንጅ፣ የተኩስ መለማመጃ፣ ሄዶ የዒላማ ወረቀት መምታት ነበር፤ በኋላ ጉልበታቸው ሲደክም፣ ዓይናቸውም ሲፈዝ ጠመንጃውን ለባሌ ሰጡት። መሙላቱን ግን አልሰጡም። በየሳምንቱ አርባ ጥይት ሞልተው፣ በሳጥን ደርድረው፣ በሁለት እጃቸው ያቀብሉታል። እሱ ቅዳሜ ተኩሶ፣ ባዶ ቀለሁንና የተበሳውን ወረቀት ይዞላቸው ይመለሳል። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፈው በብርሃኑ ያዩታል። ቀዳዳ ይቆጥራሉ።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት ጥይት ከሱቅ በጠፋበት ዓመት ነው። ጠመንጃ የሚገድብ ሕግ ሊወጣ ነው ተባለና ሰዉ ተሻምቶ ገዝቶ መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ቀረ። ያኔ ባሌና ሁለት ጓደኞቹ ከሬንጁ ወለል ቀለህ በባልዲ እየጠረጉ ስኔልቪል ያለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ይዘረግፉት ጀመር። የማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ የማይታወቅ። «አንቺ እጅሽ ጥሩ ነው፣ እስቲ ለይልን» አሉኝ። ምስር ነው የመሰላቸው።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከነካሁ እስከ ታች ካልወረድኩ አይሆንልኝም። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛዬም የሥራ እንግሊዝኛ ነው። ከላይብረሪ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተዋስኩና በምሳ ሰዓቴ ስልኬን መዝገበ ቃላት አድርጌ አነበብኩት። አንድ ገጽ አንድ ሳምንት የፈጀብኝ ጊዜ አለ። ቪዲዮ አየሁ። ትንሽ ሚዛን ገዛሁ። ደግሞ ማንም ያላስተማረኝን ከቤቴ ጨመርኩበት፦ ቀለሁን ሰፌድ ላይ አድርጌ ማንጓለል። ገበያ ሸክላ የምትገዛ ሴት ድስቱን አንጠልጥላ በጣቷ ታንኳኳው የለ? ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ነሐስም እንደዚያው ነው። ሰፌዱ ላይ ሃምሳውን ስታንጓልሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ አፏን እንደያዘች ሰው «ድፍ» ካለች እሷን ታወጣላችሁ። ሦስቱ ወንዶች መጀመሪያ ሲያዩኝ ሳቁ። ኤርፖርት ሸትል የሚነዳው ቀጭኑ፣ «እትዬ፣ እንክርዳዱን ለዶሮ ይሰጡታል ወይስ ይጥሉታል?» አለኝ።

«ለአንተ አስቀምጥልሃለሁ» አልኩት።

ቀለህ ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። አውሮፓ ተሠርቶ የሚመጣ አለ፤ አሥሩን ብትመዝኑ አሥሩም እኩል ናቸው፣ አፋቸው ዙሪያውን አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፣ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ብትሞሏቸው አያማርሩም። እዚሁ የሚሠራ የርካሽ ሳጥን ቀለህ አለ፤ አንዱ ከሌላው አይመጣጠንም፣ ለስላሳ ነው፣ ቂጡ ቶሎ ይሰፋና እሳት ጫሪው መላላት ይጀምራል። የወታደር ቀለህ ደግሞ ወፍራም ነው። ወፍራም ስለሆነ ሰው ጠንካራ ይለዋል፤ ግን ውስጡ ጠባብ ነው። ለሌላው የምትሰፍሩትን ባሩድ ለእሱ ብትሰፍሩለት ግፊቱ ይበረታል። ይህን ሁሉ ቂጡ ላይ ካለው ጽሑፍ እያነበብኩ፣ እየመዘንኩ፣ በየማሰሮው ለየሁ። ወንዶቹ የለየሁትን ወስደው ይሞላሉ፤ ጥይታቸው ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ሲሰበሰብላቸው ይኮራሉ። «ይሄን ጣሉት» ያልኳቸውን ባልዲ ግን አይጥሉም። ጥግ ያስቀምጡታል፣ ሲቸግራቸው ከዚያ ይለቅማሉ። እጄን ይፈልጉታል፣ አፌን አይፈልጉትም። ይሄ ነው መጀመሪያ ያናደደኝ።

የጋሼን ቀለህ ግን ማንም አያስነካኝም ነበር። ጋሼ ሰማንያ ቀለህ አላቸው፤ አብረው የተገዙ፣ አብረው ያረጁ። አርባው በባሌ እጅ ሲተኮስ አርባው እሳቸው ዘንድ ይሞላል። በሎሚና በጨው አጥበው፣ በጨርቅ ፈትገው እንደ ወርቅ ጥርስ ያበሯቸዋል። እንግዳ ሲመጣ ሁሉ ሳጥኑ ይከፈታል፣ «የጋሼ እጅ» ይባላል። እኔም እል ነበር። ያ ብርሃን ምን እንደሚሸፍን አልገባኝም።

አርብ ቀን ነው፤ ኦፍ ነበርኩ። የጋራዡን በር ከፍቼ፣ ሰፌዴን ይዤ ተቀምጫለሁ። ለነገ የተሞሉት አርባዎቹ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ የተተኮሱት ባዶዎቹ በከረጢት ለጋሼ ሊመለሱ ተቀምጠዋል። ዝም ብዬ፣ የራሴን ስጨርስ፣ እነሱን ሰፌዱ ላይ አፈሰስኳቸው።

አንጓለልኩ። እጄ ቆመ። አንዷ አይደለችም የታፈነችው፤ ግማሾቹ ናቸው።

ለዚህ የሚሆን አንድ ቀጭን ሽቦ አለኝ፤ ጫፉ እንደ ጥፍር የታጠፈ። ቀለሁ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳውን እየነካችሁ ስትስቡት ለስላሳ መሆን አለበት። ያረጀ ከሆነ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ሽቦዋ ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለች። እዚያ ጋ ነሐሱ ከውስጥ ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቷል ማለት ነው፤ አንድ ቀን ሲተኮስ ለሁለት ይበጠስና እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። ከውጭ ቢሆን ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ያስጠነቅቅ ነበር። ጋሼ ግን ሁሉንም አብርተውታል። ሁሉም ሲያበራ የትኛው መስመር ይታያል?

ከአርባው ሃያ ስድስቱ ተበልተዋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ደግሞ እህቶቻቸው ናቸው።

ባሌ ኪችን ቆሞ ሳንድዊች ይበላል፤ ወደ ሥራ ሊወጣ ነው። ጠራሁት።

«ነገ የጋሼን ጥይት አትተኩስም።»

«ለምን?»

«አርጅተዋል። ውስጣቸው አልቋል።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ።»

«ጋሼን ልታስተምሪያቸው ነው? አንቺ ሳትወለጂ ጠመንጃ ፈትተው የገጠሙ ሰው ናቸው እኮ።»

«ጠመንጃው ምን አደረገኝ? ቀለሁን ነው የምልህ።»

በቃል እንደማይሆን ገባኝና አንዷን ባዶ ቀለህ ጠረጴዛው ላይ ባለው የብረት ማሰሪያ አጥብቄ በቁመቷ መቁረጥ ጀመርኩ፤ ውስጧን በዓይኑ ይይ ብዬ። ግማሽ እንደደረስኩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተይው፣ አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ማርጀታቸውን። በጸደይ አንዷ ተበጥሳ ግማሿ ጠመንጃው ውስጥ ቀረች። ጭሱ እዚህ ጋ መታኝ» ብሎ ጉንጩን ነካ።

ጉንጩን አስታወስኩት። አንድ ቅዳሜ ቀልቶ መጥቶ፣ ምን ሆነህ ስለው «ዘይት ተፈናጥሮብኝ ነው» ብሎኝ ነበር። እኔም አመንኩት፣ ቅባት ቀባሁለት። ይህ ሰው መቼ እንቁላል ጠብሶ ያውቃል?

«ከዚያ በኋላ ስንት ቅዳሜ ሄድክ?»

«ስተኩስ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ» አለኝ። በቃ እንዲህ አለ። መፍትሔ እንዳገኘ ሰው።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ከጸደይ ወዲህ ወረቀቱ ባዶ እየሆነ መጥቶ ነበር። ጓደኞቹ «አየሩን ነው ወይ የምትመታው?» እያሉ ይስቁበታል። ጋሼ ደግሞ የሚያመጣላቸውን ወረቀት በመስኮቱ ብርሃን አይተው አይተው፣ «ዓይንህ ደክሟል» ብለው የዓይን ሐኪም ዘንድ ልከውት ነበር። ሄዶ ተመርምሮ መጣ። ደህና ነው ተባለ።

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? የቀረቻቸው ይቺ ናት። ይቺን ሲሞሉ ነው ሰው የሚሆኑት። ደክመው ሞልተው ሲሰጡኝ አልፈልግም ልበላቸው?»

«ዓይንህስ?»

የተረፈውን ሳንድዊች በወረቀት ጠቀለለ።

እኔ አልጮኽኩም። ጮኼ ቢሆን ይሻል ነበር። ዓይኑ የእሱ ብቻ ነው እንዴ? በዚያ ዓይን ነው መኪና የሚነዳው። በዚያ ዓይን ነው ልጆቻችንን የሚያየው። ይሉኝታ ይባላል ይሄ፤ ከፍ አድርገን፣ አሳምረን፣ ጨዋነት ብለን የምንኮራበት። ለወንድሙ ክብር ብሎ በየቅዳሜው አርባ ጊዜ ዓይኑን ሊከፍል እየቀረበ ወደ ቤት መጥቶ «ደህና ዋልኩ» ይለኛል።

መጋዙን ጨረስኩት። ሁለቱን ግማሾችና አንድ ሌላ ባዶ ቀለህ በመሃረብ ጠቀለልኩ፣ የአርባውን ሳጥን ብብቴ ሥር አደረግኩ፣ ሽቦዬንና መፍቻ መዶሻዬን ያዝኩ።

«የት ነው?»

«ጋሼ ጋ።»

«እኔ ልንገራቸው። ቀስ ብዬ።»

«ስድስት ወር ቀስ ብለሃል። ግባ መኪናው ውስጥ።»

ጋሼ የሚኖሩት ከቡፎርድ ሃይዌይ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን ነው። ፓርክ አድርጌ ደረጃውን ስወጣ ባሌ እንደ ተከሳሽ ከኋላዬ ይመጣል። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው በራ።

«ኑ፣ ኑ፣ ግቡ። ምነው በአርብ?»

የመሙያው ጠረጴዛ ከበረንዳው በር አጠገብ ነው። እዚያው ተቀመጥን። ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ፣ «ጋሼ፣ ሻዩ ይቆየን። አንድ ነገር ላሳይዎት ነው የመጣሁት» ብዬ ግማሿን ቀለህ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ወደ ብርሃኑ አቀረቧት። ራቅ አደረጓት። «መጋዙ ነው የፋቀው» አሉ።

«መጋዙ በቁመቷ ነው የሄደው። ይሄ የተበላው ዙሪያዋን ነው።»

ወደ ባሌ ዞረው፣ «ሚስትህ ባለሙያ ሆናለች» አሉት። ባሌ ምንጣፉን ያያል።

«ሆኛለሁ» አልኩ። «ይኸው ሽቦው። ይኸው ሌላ ቀለህ። ከውስጥ ግድግዳውን እየነኩ ይሳቡት። ጉድጓድ ካለ ሽቦው ሲወድቅ ይሰማዎታል።»

ይህችን መርጬ ነው ያመጣኋት፤ ከሁሉ የባሰችው ናት። ጋሼ ሽቦውን አስገቡ፣ ሳቡ። እኔ ከተቀመጥኩበት ቀጭ ስትል ሰማኋት።

«ለስላሳ ናት» አሉ። «ቅቤ ናት።»

እንደገና ሳቡ። ቀጭ አለች። «ቅቤ» አሉ።

ያኔ ነው ጣታቸውን ያየሁት። የሌባ ጣታቸው ጫፍ ላይ የተቃጠለ ቁስል አለ፤ ውሃ ቋጥሮ የፈነዳ፣ ማንም ያላከመው። አውራ ጣታቸው ላይ ሌላ። እኔ የምሠራው የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነው። ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እግርና እጅ፣ ደንዝዞ እንደሆነ፣ ነርሷ በቀጭን ክር እየነካች ስትመረምር ስንት ዓመት አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። የቤተሰቤን ሰው እጅ ግን በየእሑዱ ስስም ኖሬ አላየሁትም። እዚህ ላይ በራሴም ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ደግሞ ምን ልታደርጊ?»

«ስነካዎት፣ ነካሽኝ ይበሉኝ።»

እንደ ሕፃን ልጅ ጨፈኑልኝ። በሽቦዋ ጫፍ አውራ ጣታቸውን ነካሁ። የሌባ ጣታቸውን ነካሁ። የመሐል ጣታቸውን ጫን አድርጌ ነካሁ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥሩ አድርገው ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ጀምሪያ» አሉኝ።

ባሌ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ጀምሬያለሁ፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ገልጠው ሽቦዋ ጣታቸው ላይ መሆኗን አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆማል። እኔም ማቆም እችል ነበር፤ ግን ንዴቱ ገና አልበረደልኝም ነበር።

«ይሄ ያውቃል?» አሉኝ በአገጫቸው ወደ ወንድማቸው እያሳዩ።

«ስለ ጣትዎ አያውቅም። ስለ ቀለሁ ያውቃል። በጸደይ አንዷ ፊቱ ላይ ተበጥሳለች። ከዚያ ወዲህ እርስዎ እንዳይከፋዎት ፊቱን እያዞረ ነው የሚተኩሰው።»

«ፊትህን አዙረህ?»

«ጋሼ…»

«የዓይን ሐኪም የላክሁህ እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«ሄደህ ተመረመርክ?»

«ተመረመርኩ።»

«ምን አሉህ?»

«ደህና ነው አሉኝ።»

ጋሼ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጠፉት። «አንተ ወንድሜ ነህ ወይስ ጠላቴ?» አሉት። «ብትታወር፣ ብትሞት፣ ገዳይህ ማን ሊባል ነበር? ባሩዱን የሰፈረው ማን ነው? ወንድሙን በገዛ እጁ ገደለ ልታስብለኝ ነው አርባውን በሁለት እጅህ የምትቀበለኝ?»

ባሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ለእኚህ ሰው መመለስ አያውቅም።

እኔ ተነሳሁ። ሳጥኑን ወደ በረንዳው አወጣሁና ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። መፍቻው መዶሻ ይመስላል፤ ጥይቷን ሆዱ ውስጥ ታስገቡና መሬቱን ስትመቱ እርሳሷና ባሩዷ ከቀለሁ ይለያሉ። አንድ ሁለት እንደፈታሁ ጋሼ በርጩማ ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ያቀብሉኝ ጀመር። እኔ እመታለሁ፣ ባሩዱን ወደ ማሰሮ እደፋለሁ፣ ቀለሁን ባልዲ ውስጥ እጥላለሁ። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድብ ጋሼ፣ «ይደብድብ» አሉ።

አርባኛዋ ላይ ሲደርሱ አልለቅም አሉ።

«ይቺ ደህና ናት።»

«ያምጧት፣ ጋሼ።»

«አንዷ ጠፍታብኝ በእሷ ቦታ የተካኋት ናት፤ ሁልጊዜ ከሳጥኑ ጥግ ነው የማስቀምጣት። አዲስ ናት፣ ገና ሁለት ጊዜ ነው የሞላኋት።»

«ያችኛዋንም ቅቤ ናት ብለውኝ ነበር እኮ።»

ሰጡኝ። ፈታኋት። ሽቦዬን አስገብቼ ሳብኩ፤ የትም አልወደቀችም። ቂጧን አየሁ፤ የአውሮፓው ነው፣ ያ እኔ የምወደው። ሰማንያ ቀለህ ውስጥ ብቻዋን ገብታ የተቀመጠች።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሼ።

«ብለዋል» አልኩና ባልዲው ውስጥ ወረወርኳት።

«ደህናዋን?» አለ ባሌ ከበሩ። ከመጣን ጀምሮ ሳይጠየቅ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አዎ፣ ደህናዋን።»

ጋሼ ከበርጩማቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ። አንዱን ያወጣሉ፣ በጣታቸው ያሻሹታል፣ ይመልሱታል። ሌላ ያወጣሉ። የዓይናቸው ብርሃን ቂጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይደርስበትም፤ ጣታቸው ደግሞ አይነግራቸውም። እኔ የትኛዋ እንደሆነች ከላይ ይታየኛል፤ ከጫፍ ላይ ናት፣ አንድ ስንዝር አትርቀኝም። አንስቼ መስጠት ነበረብኝ። እጄ እንቢ አለ።

«ተንበርከክና ፈልግላቸው» አልኩት ባሌን። «እያንዳንዷን አንብብላቸው። እኔ አይደለሁም የማነብላቸው፣ አንተ ነህ።»

ተንበረከከ። አንዷን አንስቶ ወደ ዓይኑ አቀረበና ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ጋሼ፣ «አይደለችም» አሉ። ሁለተኛዋን አነበበ። «አይደለችም። ቀጥል።»

መዶሻዬንና ሽቦዬን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ኤሲውን ከፈትኩ። ከላይ ከበረንዳው የሁለቱ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይመልሳል። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁለቴ ክላክስ አደረግኩ።